ዳንቴል ሠሪዋ ዜሊ ማርታን፦ ልብስ፣ ልክና ሴትነት



ስለ ወጣት ሴቶች አለባበስ ሲነሣ ወሬው ብዙ ጊዜ ከቀሚስ ርዝመትና ከእጅጌ አያልፍም። በተለይ ካቶሊክ የሆኑ ወጣት እኅቶቻችን ከሁለት ወገን ይጨነቃሉ። አንዱ ወገን ማጌጥ ሁሉ ኃጢአት እንደሆነ ይነግራቸዋል፤ ሌላው ደግሞ ሰው ዞር ብሎ ያላያት ሴት እንደሌለች ትቆጠራለች ይላቸዋል። በሁለቱ መካከል ገንዘብም ልብም ይባክናል። ስለዚህ በዚህ እትም ምክር ከመደርደር ይልቅ የአንዲትን ሴት ሕይወት ብንተርክ ይሻላል ብለን አሰብን።

ይህች ሴት ዜሊ ማርታን ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት የቅድስት ትሬዛ ዘሕፃኑ ኢየሱስ እናት በመሆኗ ነው። እኛ ግን ዛሬ በመርፌዋ ቤት ያቆመች፣ ሌሎች ሴቶችን ያሠራች፣ የሒሳብ ጭንቀት የምታውቅ ሴት አድርገን ልናያት ወደድን። ዕድሜዋን የጨረሰችው የሰው ልብስ በሚያስጌጥ ሥራ ላይ ስለሆነ፣ ስለ ልብስ ከእርሷ ሕይወት የምንማረው አለ። ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቷ

አዜሊ ማሪ ጌራን ዲሴምበር 23 ቀን 1831 በፈረንሳይ አገር፣ በኖርማንዲ፣ ከአላንሶን ከተማ ብዙም በማይርቅ የገጠር ስፍራ ተወለደች። አባቷ በወታደርነት ኖሮ በኋላ የጸጥታ አስከባሪ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነበር። እናቷ ሃይማኖተኛና ታታሪ ብትሆንም ፊቷ የማይፈታ፣ ከልጆቿ ጋር መጫወት የማይሆንላት ጥብቅ ሴት ነበረች። ዜሊ ካደገች በኋላ ለወንድሟ በጻፈችው ደብዳቤ ወጣትነቷ ደስታ የራቀው እንደነበረ፣ አሻንጉሊት እንኳ ኖሯት እንደማያውቅ አስታውሳለች። አንዲት ታላቅ እኅትና አንድ ታናሽ ወንድም ነበሯት። ሦስቱ እስከ መጨረሻው የተዋደዱ ነበሩ።

በ1844 ቤተሰቡ ወደ አላንሶን ከተማ ገብቶ በሳን ብሌዝ መንገድ ተቀመጠ። ልጆቹ ትምህርት አገኙ፤ ሀብት ግን አልነበረም። በዚያ ዘመን ጥሎሽ የሌላት ልጅ ለመዳር ትቸገር ስለነበር ዜሊ ወይ መመንኰስ ወይ ሥራ መያዝ ነበረባት። መጀመሪያ የተመኘችው ምንኩስናን ነው። በከተማው ሆስፒታል በሽተኞችን ያስታምሙ ወደነበሩት የቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል እኅቶች ሄዳ እንዲቀበሏት ጠየቀች። የማኅበሩ አለቃ ግን ጥሪሽ ይህ አይደለም ብላ መለሰቻት። ዜሊ አዘነች። ከዚያ በኋላ ግን ተስፋ ቆርጣ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም።

ዳንቴልን መምረጧ

ዲሴምበር 8 ቀን 1851፣ በእመቤታችን የንጽሕት ጽንሰት በዓል ቀን፣ ዜሊ የአላንሶንን ዳንቴል እንድትሠራ የሚያነሣሣ ሐሳብ በልቧ ተሰማት። ሃያ ዓመት ሊሞላት ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ከዚያ በኋላ ሙያውን ተማረች።

ዳንቴል የምንለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። እኛ አገር ዳንቴል ሲባል ወዲያው የሚታወሰን በኪሮሽ የሚሠራው የጠረጴዛና የሶፋ ልብስ ነው። የአላንሶን ዳንቴል ግን በኪሮሽ አይሠራም፤ በመርፌና እጅግ በቀጠነ ክር ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ሥዕሉ በብራና ላይ በመርፌ እየተበሳ ይነደፋል። በቀዳዳዎቹ ላይ የሥዕሉ ዳር በክር ይወጣል። ከዚያ መረቡ ይሠራል፤ አበባውና ቅጠሉ ይሞላል፤ ጎላ ብሎ እንዲታይ ጠርዙ እንደገና ይሰፋል። በመጨረሻ ዳንቴሉ በምላጭ ከብራናው ይላቀቃል፤ የተረፈው ክር ይለቀማል፤ ሎብስተር በሚባለው የባሕር እንስሳ ጥፍርም ይታሻል። በከተማዋ የዚህ ሙያ ታሪክ ረጅም ነው። በ1665 በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን መንግሥት ራሱ በአላንሶን የዳንቴል ሥራ ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ዩኔስኮ ይህን ሙያ በ2010 ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል መዝግቦታል።

ዩኔስኮ እንደሚለው አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የአላንሶን ዳንቴል ለመሥራት 7 ሰዓት ይፈጃል። እኛ ሒሳብ የምንወድ ሰዎች ይህን ማባዛት አለብን። ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ መዳፍ የሚያክል ቁራጭ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 700 ሰዓት ይወስዳል። በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 70 የሥራ ቀን ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዳንቴል ለሙሽራ ዓይነ ርግብ፣ ለአንገት ልብስ፣ ለእጅጌ ጫፍ የሚገዛው ባለጸጋ ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር ይዘን ወደ ዜሊ እንመለስ።

የራሷን ሥራ መክፈቷ

በ1853 መጨረሻ፣ ገና 22 ዓመት እየሞላት፣ ዜሊ ከታላቅ እኅቷ ጋር ሆና በወላጆቿ ቤት በሳን ብሌዝ መንገድ የዳንቴል ሥራ ከፈተች። በኋላም እኅቷ ወደ ቪዚታሲዮን ገዳም ገባችና ኃላፊነቱ በዜሊ ጫንቃ ላይ ቀረ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ዜሊ ትእዛዝ ትቀበላለች፤ ሥራውን በየቤታቸው ለሚሠሩ ሴቶች ታከፋፍላለች። እያንዳንዷ ሴት የምታውቀውን የሥራ ክፍል ብቻ ትሠራለች። ሐሙስ ሐሙስ ሠራተኞቹ የጨረሱትን ይዘው ይመጣሉ፤ አዲስ ሥራም ይወስዳሉ። ከሁሉ የሚከብደውን፣ ትንንሾቹን ቁራጮች መጋጠሚያቸው እንዳይታይ አድርጎ ማያያዙን፣ ዜሊ ለራሷ ትይዘው ነበር። በመስኮት አጠገብ ተቀምጣ እስከ ሌሊት ትሠራለች። የተቀደደም ካለ እርሷው ትጠግናለች።

ይህ ሥራ እንደ ውጤቱ ያማረ ብቻ አልነበረም። ትእዛዝ ሲበዛ እንደ ባሪያ እንደምትለፋ፣ ትእዛዝ ሲጠፋ ደግሞ 20,000 ፍራንክ የሚያወጣ ዳንቴል ሳይሸጥ በእጇ እንደሚቀርና ሠራተኞችን ማሰናበት እንደሚመጣ በደብዳቤዋ ጽፋለች። ከኪሳራው ይልቅ የሚያስጨንቃት የተሰናበቱት ሴቶች ነገር ነበር። ያልተሸጠ ዕቃ በመጋዘን ይዞ ደመወዝ መክፈል ምን ማለት እንደሆነ ከአባሎቻችን መካከል አነስተኛ ንግድ ያላቸው ያውቁታል።

ሠራተኞቿን እንደ ቤተሰብ ትቆጥር ነበር። ሲታመሙ እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ሄዳ ትጠይቃቸዋለች፤ የጎደላቸውንም ታያለች። እሑድ ግን መርፌ አይነሣም። ሥራ ቢደራረብም ይህን ሥርዓት አላፈረሰችም።

ትዳርና ልጆች

በ1858 ዜሊ በአላንሶን በሚገኘው የሳን ሌዮናር ድልድይ ላይ ሉዊ ማርታን ከሚባል የሰዓትና የጌጣጌጥ ነጋዴ ጋር ተገናኘች። እርሱም በወጣትነቱ ገዳም ለመግባት ፈልጎ የላቲን ቋንቋ ባለማወቁ ሳይሳካለት የቀረ ሰው ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጁላይ 13 ሌሊት፣ በኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። እርሷ 26፣ እርሱ 34 ዓመታቸው ነበር።

ሁለቱም ባለ ሥራ ነበሩ። እርሱ የሰዓት ሱቁን፣ እርሷ ዳንቴሏን ይዘው ቀጠሉ። የዳንቴሉ ሥራ እየሰፋ ሲሄድ ሉዊ በ1870 ሱቁን ለዘመዱ ሸጦ ሚስቱን ማገዝ ጀመረ። ወደ ፓሪስ እየሄደ ትእዛዝ ያመጣል፤ ከደንበኞች ጋር ይደራደራል። በዚያ ዘመን አንድ ባል የራሱን ሱቅ ትቶ በሚስቱ ንግድ ውስጥ መግባቱ የተለመደ አልነበረም። ሴትነቷንም ወንድነቱንም ያጎደለ ነገር ግን አልታየም። ቤቱ የቆመው በሁለቱ መተጋገዝ ነበር።

ዘጠኝ ልጆች ወለዱ። ሐዘንም ተከታተለባቸው። ከ1867 እስከ 1870 ባሉት አራት ዓመታት ውስጥ ሁለት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ፤ ኤለን የተባለችውም ልጅ በአምስት ዓመቷ አረፈች። በዚሁ ጊዜ የዜሊ አባትም ዐረፉ። በ1871 መጀመሪያ ደግሞ የፕሩሲያ ጦር ወደ አላንሶን ገብቶ ወታደሮች በቤታቸው ሰፈሩ። በዚህ ሁሉ መካከል ዳንቴሉ አልተቋረጠም። የቀሩት አምስት ሴቶች ልጆች ማሪ፣ ፖሊን፣ ሌዮኒ፣ ሴሊንና በጃንዋሪ 2 ቀን 1873 የተወለደችው ትሬዛ ናቸው።

ቤቷ እንከን አልነበረውም ማለታችን አይደለም። ሌዮኒ የተባለችው ልጇ አስቸጋሪ ነበረች፤ ዜሊም ብዙ ተጨነቀችባት። የቤት ሠራተኛዋ ልጅቷን በማስፈራራት ትገዛት እንደነበረ እናትየዋ ያወቀችው ልትሞት ጥቂት ወራት ሲቀሯት ነው። ከዚያ በኋላ ሌዮኒን ወደ ራሷ አቀረበቻት፤ ልጅቷም ተለወጠች። ሠርታ የምታድር እናት ሁሉን ማየት እንደማትችል ይህ ያሳየናል።

ዜሊ ስለ ልብስ የነበራት ሐሳብ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንምጣ። በዘመኑ ከነበሩት ጌጦች እጅግ ውድ የሆነውን የምትሠራው ይህች ሴት ራሷ እንዴት ትለብስ ነበር? በተረፉልን ምስሎች የምናያት ጠቆር ያለና አንገቱ የተዘጋ ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯን በሥርዓት ይዛ ነው። የለበሰችው የነጋዴ ሚስት ልብስ ነው፤ የድህነት ማስመሰያም የሀብት ማሳያም አይደለም።

ለልጆቿ ግን ልብስ ቸል አላለችም። በደብዳቤዎቿ ውስጥ ስለ ልጆቿ ቀሚስና ስለሚያስፈልጋቸው ነገር እናት የምታስበውን ሁሉ እናገኛለን። ንጹሕና ያማረ ልብስ እንዲለብሱ ትፈልግ ነበር። እርሷ አሻንጉሊት ያላገኘች ልጅ ነበረችና ልጆቿን ከደስታ ማራቅ አልፈለገችም።

ትሬዛ ካደገች በኋላ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ አንድ ትንሽ ነገር አስታውሳለች። አንድ ቀን ቤተሰቡ ወደ ገጠር ሊሄድ ሲዘጋጅ እናቷ ለታላቅ እኅቷ ለማሪ ትእዛዝ ሰጠች፤ ትንሿን ትሬዛን ቆንጆውን ቀሚሷን እንድታለብሳት፣ ክንዶቿን ግን እንዳትተዋቸው። ትሬዛ ምንም አልተናገረችም። በልቧ ግን ክንዷ ባይሸፈን ኖሮ የበለጠ ታምር እንደነበር አሰበች። ያኔ ገና ሕፃን ነበረች።

ይህን ታሪክ የምንወደው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እናትየዋ ቆንጆውን ቀሚስ አልከለከለችም፤ ውበትንና ጨዋነትን በአንድ ትእዛዝ አብራ አዘዘች። ሁለተኛ፣ በኋላ ቅድስት የተባለችው ልጅ ራሷ ማማር ፈልጋ እንደነበር ሳትደብቅ ጽፋዋለች። አምሮ መታየትን መፈለግ ለሴት ልጅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የሚያስፈልገው ምኞቱን መምራት ነው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ከአንቀጽ 2521 እስከ 2524 ስለዚህ ነገር ሲያስተምር ስለ ቀሚስ ርዝመት ቁጥር አያስቀምጥም። ጨዋነት የሰውን ውስጣዊ ክብር የሚጠብቅ፣ በልብስ ምርጫም በንግግርም በዝምታም የሚገለጥ እንደሆነ፣ የፋሽንን ማባበልም ለመቋቋም እንደሚረዳ፣ መልኩም ከአንዱ ባህል ወደ ሌላው እንደሚለያይ ነው የሚናገረው። ስለዚህ የኖርማንዲ ሴት አንገቷን በዘጋ ቀሚስ፣ የእኛ እናቶች በነጠላ ያንኑ ክብር ሊጠብቁ ይችላሉ። የዜሊን ቀሚስ መቅዳት አያስፈልገንም። ትምህርቱም ለሴት ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ወንዱም በዐይኑና በአንደበቱ ጨዋ እንዲሆን ይጠይቃል።

ሕመሟ

በ1865 ዜሊ በጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ለሙያው ቅርብ ለነበረው ወንድሟ ሳታፍር ጻፈችለት፤ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችል እንደሆነም ተማከረችበት። ሕክምናው ግን ሳይደረግ ዓመታት አለፉ። መሐል ላይ አምስቱን ልጆች ማሳደግ፣ አራቱን መቅበር፣ ሠራተኞችን ማስተዳደር ነበረ። በ1876 መጨረሻ ሕመሙ ሲጸና ሐኪም አየቻት። በዲሴምበር ወር ወንድሟ ወዳለበት ወደ ሊዝዮ ከተማ ሄዳ ያማከረችው የቀዶ ሕክምና ሐኪምም ጊዜው ማለፉን ነገራት።

በጁን 1877 ሦስቱን ትልልቅ ልጆቿን ይዛ ወደ ሉርድ ተሳለመች። አልዳነችም። መርፌዋን እስከ መጨረሻዎቹ ወራት አላስቀመጠችም። ኦገስት 28 ቀን 1877 በ45 ዓመቷ አረፈች። ትሬዛ ያኔ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም አለብን። በመካከላችን የሰውነትን ነገር መናገር ነውር ነው ብላ እብጠቷን ከባሏም ከሐኪምም የምትደብቅ ሴት አለች። ይህ ጨዋነት አይደለም። ዜሊ አንገቷን ሸፍና ለብሳለች፤ ሕመሟን ግን በግልጽ ተናግራለች። በእርሷ ዘመን የሚያድን ሕክምና እምብዛም አልነበረም። ዛሬ የጡት ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። ስለዚህ እብጠት፣ የቆዳ መሰብሰብ ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ፈሳሽ ያየች እኅታችን ነገ ሳትል ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። አብሯት የሚሄድ ሰው ካጣች ለማኅበራችን ትንገረን።

ከሞተች በኋላ

ሉዊ ልጆቹን ይዞ ወደ ሊዝዮ ሄደ። አምስቱም ሴቶች ልጆች መነኮሱ፤ አራቱ በሊዝዮ ቀርሜሎስ፣ ሌዮኒም በቪዚታሲዮን ገዳም። ትሬዛ በ1897 በ24 ዓመቷ አርፋ በ1925 ቅድስት ተባለች። ዜሊና ሉዊ ደግሞ በ2008 ብፁዓን ተብለው፣ ኦክቶበር 18 ቀን 2015 በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በአንድነት ቅዱሳን ተባሉ። ባልና ሚስት በአንድ ሥርዓት አብረው ቅዱሳን ሲባሉ በቤተ ክርስቲያኒቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ከ200 በላይ የሚሆኑ የዜሊ ደብዳቤዎች ተርፈዋል። በውስጣቸው ጸሎት አለ፤ የልጅ ሳል አለ፤ ያልተከፈለ ሒሳብም አለ።

ለእኛ የሚቀረን

በአማርኛችን ልከኛ የሚለው ቃል የወጣው ልክ ከሚለው ነው። ዜሊን ስናስብ ልኩ ከአንድ በላይ መሆኑ ይገባናል። የሰውነት ልክ አለ፤ ልብሱ ለለባሹዋ ክብር የሚስማማና እንደ ልቧ የሚያሠራት ሊሆን ይገባል። የገቢ ልክም አለ። የማኅበሩን መዝገብ የምንይዝ ሰዎች እንደምናውቀው ለሥራ ተብሎ የተወሰደ ብድር ለሰርግና ለበዓል ልብስ ሲውል ቀሚሱ ለአንድ ቀን ይለበሳል፤ ክፍያው ግን ከወር ወር ይከተላል። እጅጌው ረጅም፣ ርዝመቱም እስከ ቁርጭምጭሚት ቢሆን፣ በማይቻል ዕዳ የተገዛ ቀሚስ ልከኛ ሊባል አይችልም። ዜሊ የሠራችውን ዳንቴል ራሷ ልልበሰው ብትል ኖሮ የልጆቿ መማሪያና የሠራተኞቿ ደመወዝ ከየት ይመጣ ነበር?

ሌላው ልክ የሠሪዋ ዋጋ ነው። መዳፍ ለሚያክል ዳንቴል 700 ሰዓት የምትቀመጥ ሴት እንዳለች ካወቅን፣ ጥጥ የፈተለችውን፣ ጥለት ያወጣውን፣ ቀሚስ የሰፋችውን ሰው ዋጋ እያራከስን ስንከራከር ማፈር ይገባናል። ሴትነትን ማክበር የለበሰችውን ብቻ ሳይሆን የሠራችውንም ማክበር ነው። ደጋፊዎቻችንም ለአንዲት ሴት መርፌና ክር፣ ወይም የሥራ መነሻ ገንዘብ ስትሰጡ እንዲህ ያለ ቤት እንዲቆም እየረዳችሁ መሆኑን እንድታውቁልን እንወዳለን።

ወጣት እኅቶቻችን ሆይ፣ ማማር አልተከለከላችሁም። በሚቀጥለው በዓል ልብስ ስትመርጡ ግን መስታወቱን ብቻ ሳይሆን የቁጠባ ደብተራችሁንም ገልጣችሁ እዩ፤ ልብሱን ማን እንደሠራውና ምን እንደተከፈላትም ጠይቁ።

መልካም ንባብ፣ መልካም ሥራ ይሁንላችሁ።